የዓሣ ኩሬ አውቶማቲክ መኖ መስጫን ከእርጥበት ጠብቆ የማሠራት መመሪያ

አውቶማቲክ የዓሣ መኖ መስጫ ሥራ ሲያቆም ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ወይም ሰዓት ቆጣሪውን ነው። መሣሪያው ተፈትቶ ሲታይ ግን ሞተሩ ደህና ሆኖ፣ መኖው ተጋግሮ ከመውጫው ቱቦ ጋር ስለተጣበቀ ገፊው (መኖውን እየዞረ ወደ ውጭ የሚገፋው ክፍል) መዞር አቅቶት መገኘቱ የተለመደ ነው። ለዚህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚወሰደው መፍትሔ ክዳኑ ላይ ፕላስቲክ ማልበስና ዙሪያውን በናስትሮ መጠቅለል ነው። ይህ ዝናቡን ይከላከል ይሆናል፤ አብዛኛው እርጥበት ግን የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ከኩሬው ራሱ ተነሥቶ በመኖው መውጫ በኩል ስለሆነ፣ ከላይ ብቻ የተጠቀለለ መሣሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ ይደፈናል። በዚህም ምክንያት ይህ መመሪያ ከክዳኑ ይልቅ በመውጫው፣ በመኖው አያያዝና በኤሌክትሪክ ክፍሉ ላይ ያተኩራል።

እርጥበቱ የሚገባበት መንገድ

ከኩሬ ላይ የሚነሣው ተን ቀንም ሌሊትም አያቋርጥም። የመስጫው አፍ ደግሞ ወደ ውሃው የዞረ በመሆኑ ይህ ተን የሚያገኘው የመጀመሪያ ደረቅ ነገር በአፉ ላይ የቀረው መኖ ነው። ደረቅ የዓሣ መኖ ሲመረት በውስጡ የሚቀረው ውሃ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህን ያህል የደረቀ ነገር በዙሪያው ያለውን እርጥበት መሳቡ አይቀርም። በመኖው ዙሪያ ያለው አየር አንጻራዊ እርጥበቱ ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ከቆየ፣ መኖው ሻጋታ ለማብቀል የሚበቃ ውሃ ይይዛል።

ሁለተኛው መንገድ ጤዛ ነው። በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ አየር በአንድ ሜትር ኩብ እስከ 30 ግራም ገደማ የውሃ ተን መያዝ ሲችል፣ ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ወደ 17 ግራም ዝቅ ይላል፤ ትርፉም በቀዘቀዘው ግድግዳ ላይ ጠብታ ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ይጠቅማል። ባዶ ቦታው 20 ሊትር በሆነ የመኖ ቋት ውስጥ ይህ ልዩነት ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በቋቱ ውስጥ ተዘግቶ ያደረ አየር ብቻውን መኖ አያጋግርም፤ የሚያጋግረው በመውጫው በኩል እየተተካ የሚገባው አዲስ ተን፣ እንዲሁም ቀን በፀሐይ ሲሞቅ ከራሱ ከመኖው ወጥቶ ሌሊት ቀዝቃዛው ክዳን ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ነው። ክዳኑ ጥብቅ ሆኖ ሳለ የላይኛው የመኖ ንጣፍ ተጋግሮ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የዝናብና የፍንጥቅጣቂ ነገር የታወቀ ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

እርምጃ 1፦ ጉዳቱ የት እንደሆነ መለየት

መሣሪያውን ከመንካትዎ በፊት ኤሌክትሪኩን ያቋርጡ፤ በባትሪ የሚሠራ ከሆነም ባትሪውን ይንቀሉ። እጅዎ ገፊው ላይ ሳለ ሰዓት ቆጣሪው ሞተሩን ሊያስነሣው ይችላልና ይህ ሊዘለል አይገባም። ከዚያ መኖውን በአንድ ጊዜ ከመገልበጥ ይልቅ ከላይ ጀምሮ በትንሽ በትንሹ እያወጡ የተጋገረው የት ላይ እንደሆነ ይመልከቱ።

የተጋገረው የላይኛው ንጣፍ ብቻ ከሆነና በክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ የደረቁ የጠብታ ምልክቶች ካሉ ጉዳዩ የጤዛ ነው። ጥግ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ከተጋገረና ከዚያ ወደ ታች የወረደ የዱቄት መስመር ከታየ፣ በዚያ በኩል ክዳኑ ወይም መገጣጠሚያው ዝናብ ያስገባል። ከታች፣ በገፊው ዙሪያና በመውጫው ቱቦ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የኩሬው ተን ነው። መኖው ተጋግሮ ባይገኝም እርጥበት መያዙን በእጅ ማወቅ ይቻላል፤ ደረቅ እንክብል በሁለት ጥፍር መካከል ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ እርጥበት የገባው ግን ሳይሰበር ይጠፈጠፋል።

የክዳኑን ማሸጊያ ጎማ ለመፈተሽ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በጎማውና በቋቱ ከንፈር መካከል አስገብተው ክዳኑን ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡ። ዙሪያውን በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ይህን ሲደግሙ ወረቀቱ ያለምንም መያዝ የሚወጣበት ቦታ ከተገኘ ጎማው እዚያ ላይ አልነካም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ባዶው ቋት ውስጥ ደረቅ ሶፍት አንጥፈው፣ ክዳኑን ዘግተው፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ከላይና ከጎን ውሃ ያርከፍክፉበትና የትኛው ሶፍት እንደረጠበ ይመልከቱ።

እርምጃ 2፦ ተስማሚ ቦታ መምረጥ

መስጫው ከፏፏቴ፣ ከአየር መስጫ መሣሪያና ዓሦቹ ለመኖ ሲሻሙ ውሃ ከሚረጩበት ቦታ መራቅ አለበት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ዓሦቹ መኖ የሚወድቅበትን ቦታ ስለሚለምዱ መሣሪያው ሥራ ሲጀምር ከሥሩ ተሰብስበው ይጠብቃሉ፣ የሚያስነሡት ፍንጥቅጣቂም በቀጥታ አፉን ይመታል። መሣሪያው መኖ የሚበትን ተሽከርካሪ ሰሃን ካለው ከውሃው ዳር ወደ ኋላ ሸሽቶ በደረቅ መሬት ላይ ሊቆም ይችላል። ወደ ታች ብቻ የሚጥል ዓይነት ከሆነ ግን ከፍታውን ከመጨመር ሌላ ምርጫ የለም፤ መኖው በነፋስ ሳይወሰድ ኩሬው ውስጥ እስከወደቀ ድረስ ከፍ ማለቱ ይመረጣል።

አፉ ዝናብና ነፋስ አዘውትረው ከሚመጡበት አቅጣጫ ተቃራኒ ይሁን። ከመሣሪያው በላይ ከዙሪያው የሚተርፍ ትንሽ ጣሪያ ይሥሩለት፤ በጣሪያውና በክዳኑ መካከል አንድ ስንዝር ያህል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዉ። ጣሪያው ከዝናብ ከመከላከሉም በላይ ቋቱ ቀን በጣም እንዳይሞቅ፣ ሌሊትም ክዳኑ ለጠራ ሰማይ ተጋልጦ በፍጥነት እንዳይቀዘቅዝ ያደርጋል። ከላይ እንደተገለጸው ጤዛን የሚያመጣው ይኸው መሞቅና መቀዝቀዝ ስለሆነ፣ በእኔ አመለካከት ከማንኛውም የማሸጊያ ዓይነት ይልቅ ጥላ የበለጠ ጥቅም ይሰጣል። ጥቁር ቀለም ያለው ቋት ካለዎት ነጭ ቀለም መቀባቱ ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

እርምጃ 3፦ ክዳኑንና አካሉን ማሸግ

በጎማው ላይ የሚቀመጥ የመኖ ብናኝ ከሚታሰበው በላይ ጎጂ ነው። መኖ ሲሞላ ከንፈሩ ላይ የሚቀረው ዱቄት ክዳኑ ሙሉ በሙሉ እንዳይገጥም ከማድረጉም በላይ፣ ሲረጥብ ውሃን ከውጭ ወደ ውስጥ እንደ ፋኖስ ክር ይስባል። ስለዚህ መኖ በሞሉ ቁጥር ጎማውንና ከንፈሩን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ።

ጎማው ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ ይለውጡት። ለማለስለስ ቫዝሊን ወይም የሞተር ዘይት አይቀቡ፤ እነዚህ ብዙ የጎማ ዓይነቶችን ያሳብጣሉ። የሲሊኮን ግሪስ በስሱ መቀባት ይሻላል፤ ጎማው ራሱ ከሲሊኮን የተሠራ ከሆነ ግን ምንም ሳይቀቡ ንጹሕ አድርጎ መያዝ ይበቃል። የአካሉን ስንጥቅና የብሎን ቀዳዳዎች በሲሊኮን ማሸጊያ ሲደፍኑ ደግሞ፣ ሲቀባ የኮምጣጤ ሽታ የሚሰጠው ዓይነት መዳብን ስለሚበላ የኤሌክትሪክ ክፍል አጠገብ አይጠቀሙበት፤ ይህ ሽታ የሌለው ዓይነት አለ።

እርምጃ 4፦ መውጫውን ማስተካከል

ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው።

በጠመዝማዛ ገፊ በሚሠራ መስጫ፣ አንዱ ድርሻ ከወጣ በኋላ በቱቦው ውስጥ ጥቂት እንክብሎች ይቀራሉ። ሌሊቱን ሙሉ ለተን ተጋልጠው የሚያድሩት እነዚህ ናቸው። ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ በማግስቱም ገፊው ሲጫናቸው እንደ ሊጥ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ያ ሲደርቅ ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል፣ በላዩም አዲስ ንጣፍ ይጨመርበታል። ቱቦው በአንድ ጊዜ አይዘጋም፤ በየቀኑ እየጠበበ ሄዶ የሚሰጠው የመኖ መጠን ያንሳል፣ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ በመጨረሻም ይቆማል። ድምፁ መለወጡን የሰማ ሰው ገና ቀናት ሲቀሩት ያውቃል።

ይህን ለመከላከል በመጀመሪያ ቱቦው ከቋቱ ወደ አፉ በኩል በጥቂቱ ያዘቀዘቀ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ተቃራኒው ከሆነ አፉ ላይ ያረፈ ጠብታ ወደ ቋቱ ይወርዳል። ያዘቀዘቀው ከልክ በላይ ሆኖ እንክብሎቹ ሞተሩ ሳይሠራ በራሳቸው እንዳይንሸራተቱ ግን ይጠንቀቁ። ቀጥሎ በአፉ ላይ ከስስና ለስላሳ ፕላስቲክ የተቆረጠ መጋረጃ ከላይ በኩል ብቻ ያንጠልጥሉ። መጋረጃው በራሱ ክብደት ተዘግቶ የሚቆይ፣ እንክብል ሲገፋው ግን በቀላሉ የሚከፈት መሆን አለበት፤ በጣም ወፍራም ከሆነ ራሱ የመዘጋት ምክንያት ይሆናል። በአፉ ዙሪያ ደግሞ ወደ ታች የዞረ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ወይም ኮፍያ መግጠም ፍንጥቅጣቂን ይመልሳል።

ሦስተኛው ሥራ የሰዓት አሞላል ነው። የቀኑን መኖ በሁለት ትልልቅ ድርሻዎች ከመስጠት ይልቅ በብዙ ትንንሽ ድርሻዎች መከፋፈል በቱቦው ውስጥ ያለው መኖ ቶሎ ቶሎ እንዲተካ ያደርጋል። የመጀመሪያውን ድርሻ ንጋት ላይ አያድርጉት፤ በዚያ ሰዓት አፉ በጤዛ የረጠበ ነው፣ በኩሬው ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ሌሊቱን ሙሉ ሲቀንስ አድሮ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ንጋት አካባቢ ነው። ፀሐይ ከወጣች ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በኋላ ቢጀምር ለመሣሪያውም ለዓሦቹም ይበጃል። የመጨረሻውንም ድርሻ አመሻሹ ላይ ጤዛ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ያብቁ።

በተሽከርካሪ ሰሃን የሚበትን መስጫ ላይ ብናኝ የሚጣበቀው በሰሃኑ ክንፎች ሥር ነው። አንዱ ክንፍ ከሌላው በላይ ብናኝ ሲይዝ ሰሃኑ ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል፣ የሞተሩንም ዘንግ ይጎዳል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃዋል። የሚዞር ከበሮ ያላቸው ትንንሽ መስጫዎች መክፈቻቸው ከድርሻ በኋላ ወደ ላይ ዞሮ የሚቆም ከሆነ ለታች ተን ያላቸው ተጋላጭነት ያነሰ ነው፤ ለዝናብ ግን ከሁሉም ይልቅ የተጋለጡ ስለሆኑ ያለ ጣሪያ መተው የለባቸውም።

የተለጠፈ ቅርፊት ሲያጋጥም በካቻቢቴ አይፈልፍሉት። በፕላስቲክ ቱቦ ላይ የሚቀር ጭረት በሚቀጥለው ጊዜ ብናኙ የሚይዝበት ቦታ ይሆናል። ቱቦው የሚነቀል ከሆነ ነቅለው ለብ ባለ ውሃ ይዘፍዝፉትና በጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ይፈትጉት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይግጠሙት።

እርምጃ 5፦ መኖውን ማዘጋጀትና መሙላት

መኖውን ወደ ቋቱ ከመጨመርዎ በፊት በወንፊት ይንፉት። በከረጢቱ ግርጌ የሚጠራቀመው ዱቄት ከእንክብሉ ይልቅ እርጥበት ስለሚስብ የመጋገሩ መነሻ እርሱ ነው። ቅባት የበዛበት መኖ በሙቀት ጊዜ ቅባቱ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ብናኝ ስለሚያጣብቅ ማጽዳቱን ማዘውተር ይጠይቃል።

ቋቱ ሞልቶ ሲቀመጥ ባዶ ቦታው ስለሚያንስ ጤዛው ይቀንሳል፤ በሌላ በኩል ብዙ መኖ ረጅም ጊዜ መቆየቱ ቪታሚኖቹን፣ በተለይም ቪታሚን ሲን፣ ያጠፋል፣ ቅባቱንም ያበላሻል። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚቻለው የቋቱን መጠን በማሳነስ ነው። ቋቱ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ከሆነ በውስጡ ጠባብ ቋት ይግጠሙና ከአንድ ሳምንት የማይበልጥ፣ በዝናብ ወራት ደግሞ የሦስት ወይም የአራት ቀን መኖ ብቻ ይሙሉ። በአሮጌው መኖ ላይ አዲስ አይጨምሩ፤ ከታች ያለው ሁልጊዜ ከሥር ይወጣል ቢባልም ጥግ ላይ የሚቀረው ለወራት ሊቆይ ይችላል። ለመሙላት የሚመረጠው አየሩ ደረቅ የሚሆንበት የእኩለ ቀን ሰዓት ነው፤ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የነበረ ከረጢትም የውጩን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ሳይከፈት ይቆይ፣ አለበለዚያ በቀዝቃዛው እንክብል ላይ ወዲያውኑ ጤዛ ይይዛል።

እርጥበት የሚስበውን ሲሊካ ጄል በክዳኑ ሥር አየር በሚያስተላልፍ ከረጢት ማንጠልጠል ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የመውጫው አፍ ክፍት ከሆነ የኩሬውን ተን ሲጠጣ ውሎ በቶሎ ይሞላል። እርምጃ 4 ሳይሠራ በዚህ መተማመን ገንዘብ ማባከን ነው። ከሰማያዊ ወደ ሮዝ የሚለወጠው ዓይነት ኮባልት ክሎራይድ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ከመኖ አጠገብ አይቀመጥም፤ ቀለሙ ከብርቱካናማ ወደ አረንጓዴ የሚለወጠውን ይምረጡ። የጠገበ ሲሊካ ጄል 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ባለው ምድጃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ሲቆይ ደርቆ እንደገና ይሠራል።

እርምጃ 6፦ የኤሌክትሪክ ክፍሉን መጠበቅ

በመሣሪያው ሳጥን ላይ የሚጻፈው የአይፒ ቁጥር በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መስፈርት መሠረት የሚሰጥ ነው። አይፒ 65 አቧራ የማያስገባና በቱቦ የሚረጭ ውሃን የሚቋቋም ሲሆን፣ አይፒ 67 ደግሞ በ1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ የሚቆይ ነው። ሁለቱም ግን ስለ ጤዛ የሚሉት ነገር የለም። በፀሐይ የሞቀ ዝግ ሳጥን ላይ ድንገት ዝናብ ሲወርድበት በውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ስለሚኮማተር ከውጭ ይስባል፤ በጎማው ላይ ውሃ ካረፈ የሚስበው አየር ሳይሆን ውሃውን ነው። መፍትሔው ይበልጥ ማጥበቅ ሳይሆን አየር የሚያሳልፍና ውሃ የሚመልስ ስስ ሽፋን ያለው መተንፈሻ በሳጥኑ የታችኛው ገጽ ላይ መግጠም ነው። መተንፈሻው ካልተገኘ ከታች በኩል አንድ ጠባብ ቀዳዳ መብሳትና ነፍሳት እንዳይገቡበት በስስ ወንፊት መሸፈን ፍጹም ዝግ ከሆነው ይሻላል።

ገመዶች ሁሉ ወደ ሳጥኑ ከታች በኩል ይግቡ። ከመግባታቸው በፊት ወደ ታች ረገብ ብለው ተመልሰው ወደ ላይ እንዲወጡ ያድርጉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ውሃ ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሳጥኑ አይከተልም።

ባትሪ ድንጋዮችን አሮጌና አዲስ ቀላቅለው አያስገቡ። ፈሰው ነጭ ዱቄት በብረቱ ላይ ከተዉ በኮምጣጤ በተነከረ ጥጥ ያጽዱ፣ በጥቂት ውሃ ያብሱ፣ ያድርቁ። 12 ቮልት የእርሳስ አሲድ ባትሪ የሚጠቀም መሣሪያ ከሆነ በቴስተር ይለኩት፤ ሳይሠራ አርፎ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ሲያሳይ ሙሉ ነው፣ ወደ 12 ቮልት ከወረደ ሊሞላ ይገባል። የደከመ ባትሪ ሞተሩን ቀስ ብሎ ስለሚያዞረው የመደፈን ችግር መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ገፊውን ከመፍታት በፊት ይህን መለካት ድካም ይቀንሳል። በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ከሆነ የፓነሉን ገጽ ከአቧራና ከወፍ ኩስ ያጽዱ።

በመደበኛው የቤት ኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የደኅንነት ማብሪያ ሳይኖረው ኩሬ ዳር ሊሰካ አይገባም። ሶኬቱም በመሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ ከጣሪያ ሥር ይሁን።

እርምጃ 7፦ መጠኑን መለካትና መከታተል

ከማጽዳት በኋላ መሣሪያው የሚሰጠው መጠን ስለሚለወጥ እንደገና መለካት አለበት። ከአፉ ሥር ደረቅ ዕቃ ያስቀምጡ፣ አምስት ጊዜ ያሠሩት፣ የወጣውን በሚዛን መዝነው ለአምስት ያካፍሉ። ይህን ቁጥር በክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ ይጻፉት። በየወሩ ሲደግሙት የአንዱ ድርሻ ክብደት እየቀነሰ ከሄደ ቱቦው እየጠበበ ነው፤ ድርሻዎቹ እርስ በርሳቸው በጣም የሚለያዩ ከሆነ ደግሞ መኖው ቋቱ ውስጥ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ድልድይ ተንጠልጥሎ እየቀረ በየጊዜው እየተናደ ነው። ሁለተኛው የበለጠ አደገኛ ነው፤ በአንድ ጊዜ የተናደ መኖ ሳይበላ ቀርቶ ሲበሰብስ በኩሬው ውስጥ አሞኒያ ይጨምራል፣ ኦክስጅንም ያሳጣል።

በሳምንት አንድ ጊዜ አፉንና መጋረጃውን ማጽዳት፣ በወር አንድ ጊዜ ቋቱን ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርጎ ማጠብና ማድረቅ ለአብዛኛው ሁኔታ ይበቃል። የኩሬው ውሃ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሚወርድበት አካባቢ እንደ ካርፕ ያሉ ዓሦች መፍጨት ስለሚያቅታቸው መሣሪያው በዚያ ወቅት ባዶ ሆኖ፣ ባትሪው ወጥቶ፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ በደረቅ ቤት ይቀመጥ።

እርምጃ 8፦ ውሃ ገብቶበት ከተገኘ

ኤሌክትሪኩን አቋርጠው መኖውን በሙሉ ያውጡና ይጣሉት። የሻገተውን ለይቶ ቀሪውን በፀሐይ አድርቆ መስጠት ቁጠባ ቢመስልም አይመከርም፤ አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመርቱት አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ በማድረቅም በማሞቅም በቀላሉ አይጠፋም፣ የዓሦቹንም ጉበት ይጎዳል። መኖውን በሚያወጡበት ጊዜ ብናኙን እንዳይተነፍሱ አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

ቋቱንና ቱቦውን በውሃና በሳሙና አጥበው ሳሙናው እስኪጠፋ ያለቅልቁ፣ ከዚያም በፀሐይ ያድርቁ። የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ከረጠበ ሳያበሩ ነቅለው፣ በለስላሳ ብሩሽና ከ90 በመቶ በላይ ጥራት ባለው አይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው፣ አየር በሚያገኝበት ጥላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያቆዩት። አረንጓዴ ዝገት የያዘ የገመድ ጫፍ ካለ እስከ ንጹሑ መዳብ ድረስ ተቆርጦ እንደገና ይያያዝ፤ ዝገቱን ፍቆ መመለስ ብዙም አይቆይም።

ሁሉም ሲደርቅ መሣሪያውን ያለ መኖ ጥቂት ጊዜ አሠርተው የሞተሩን ድምፅ ያድምጡ፣ ከዚያ የአንድ ቀን መኖ ብቻ ሞልተው ያሳድሩት። በማግስቱ ከመጀመሪያው ድርሻ በፊት የቱቦውን የውስጥ ገጽ በደረቅ ጣት ይዳብሱ፤ እንክብል ወይም ዱቄት ጣትዎ ላይ ተጣብቆ ከወጣ ቋቱን ከመሙላትዎ በፊት ወደ እርምጃ 4 ተመልሰው መጋረጃውንና የአፉን አቅጣጫ ያስተካክሉ።